ከጋሽ ኃይሉ አልጋ ሥር

ስለ እኔ አዋቂነት የሰማችሁ ካላችሁ፣ ያወራላችሁ ሰው ውሸታም ሆኖ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሲወራልኝ ዝም ብዬ ሰማሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ያ ዝምታዬ አንዲት የሰባ አንድ ዓመት ባልቴትን እስር ቤት ሊያስገባ ምን ያህል እንደቀረበ ነው። ታሪኩ የሁለት ቀን ነው፤ እሑድ ከሰዓት ተጀምሮ ሰኞ ጠዋት አለቀ። አለቀ ስል እንግዲህ፣ እስከ መጨረሻው ስታነቡ እናንተው ፍረዱ።

ስሜ ብዙነሽ ነው። ያኔ ግን ዊልስደንና ሃርልስደን ያለው አበሻ ሁሉ "ዳኛዋ" ነበር የሚለኝ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥቼ ሎንደን ከገባሁ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የምሠራው ፍርድ ቤት ነው። ይቺ እውነት ናት። ጎህ ሳይቀድ እገባለሁ፣ ዳኞቹ ካባቸውን ሳይለብሱ እወጣለሁ። በመሀሉ ወለል እወለውላለሁ፣ የቆሻሻ ቅርጫት እደፋለሁ፣ ሽንት ቤት አጥባለሁ። "ፍርድ ቤት ነው የምሠራው" ስል ግን ይቺን የመጨረሻዋን አልጨምራትም ነበር። ማንም አልጠየቀኝማ።

ሰው ደብዳቤውን ይዞልኝ ይመጣል። ካውንስል የሚሉት የማዘጋጃ ቤታቸው፣ የኢሚግሬሽኑ የሆም ኦፊስ፣ የቤት አከራይ። መነጽሬን አድርጌ አየዋለሁ፣ ከዚያ "ይሄ ቀላል ነው፣ አፒል እናደርጋለን" እላለሁ። ግማሹን አነባለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። ጉዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሳካልኝ ነበር። ሲሳካልኝ ጊዜ እኔም ራሴ ዳኛ መሆኔን አመንኩ።

ጋሽ ኃይሉ የሞቱት በታኅሣሥ ነው፣ ያ ጉም ቀን ሙሉ ከመስኮት የማይነሳበት ወቅት። ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሃርልስደን አንድ የታክሲ ቢሮ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ስልክ ሲያነሱ ኖረው፣ አንድ ጊዜ ዘራፊ ገብቶ ግንባራቸውን በጠርሙስ ከፈለጣቸው በኋላ ሥራውን ተዉት። "ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አልነበረውም" ትላለች ሚስታቸው እትዬ አስካለ። ልጅ የላቸውም። ዊልስደን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት መኝታ ቤት ያላት የካውንስል ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበር የሚኖሩት።

ሰልስት ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፏል፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። በእትዬ አስካለ አገር ልማድ የሞተ ሰው አልጋ እስከ አርባው አይነካም። አንሶላው እንደተጨማደደ ነው፣ ትራሱም ጭንቅላታቸው እንደሰረጎደው ነው። ከተቀመጥኩበት ሆኜ በበሩ ክፍተት ያቺ የሰረጎደች ትራስ ትታየኝ ነበር። ሌላ ቦታ ልቀመጥ ብዬ ብፈልግ ሞልቷል።

ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ትምህርት ቤት ገብቶ ተኩሷል፣ ወላጆች እየሮጡ ነው። ለቅሶ ቤት ዝምታ ሲበዛ ሰው ያገኘውን ያወራልና፣ ወሬው ወደ ሽጉጥ ሄደ።

"እዚህ አገር ይሻላል" አሉ አቶ ደምሰው፣ የቀድሞ ወታደር ናቸው። "እዚህ ቤትህ ውስጥ ካስቀመጥከው ማንም አይነካህም። ክልክሉ ይዞ መውጣት ነው።"

"ኧረ እዚህ አገር ስለ ሽጉጥ ሕግም የለ" አለች አልማዝ፣ እትዬ አስካለን ለማስታመም እዚያው የምታድረው ጎረቤት። "ሽጉጡ ራሱ የለማ። ፖሊሱ እንኳ ዱላ ነው የያዘ።"

"ኖ፣ ሕግ አለ" አለች ሳራ። የጋሽ ኃይሉ የወንድም ልጅ ናት፣ ሎንደን ተወልዳ ያደገች፣ ነርሲንግ የምትማር። "በጣም ስትሪክት ነው። ብታገኚው እንኳ መንካት የለብሽም። ኮል ማድረግ ነው፣ እነሱ ይመጣሉ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምን አለፋችሁ፣ ያቺ መዞራቸው ናት የምትጣፍጠኝ የነበረች። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ፍርድ ቤታችን ኮሪደር ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ የሽጉጥ ሥዕል አለበት፣ በትልልቁ "ያስረክቡ፣ ጥያቄ የለም" ይላል። ስንት ቀን አቧራውን ጠርጌለታለሁ።

"ሳራዬ፣ አንቺ መርፌሽን ተማሪ" አልኳት፣ ሰው ሳቅ አለ። "ሕጉ ግልጽ ነው። መሣሪያ ያለው ሰው ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፣ ያስረክባል። ያስረከበ አይጠየቅም። መሥሪያ ቤቴ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።"

ሳራ "አር ዩ ሹር?" ብላ አየችኝ። እኔ ግን ዓይኔን መልሼ ወደ ቴሌቪዥኑ ወሰድኩት።

ይሄን ጊዜ ነው የተንኳኳው። በእንግሊዞቹ አራት ሰዓት፣ በእኛ አሥር ላይ። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ሦስት ጊዜ፣ ረጋ ብሎ፣ ሰው በጣቱ መገጣጠሚያ እንጨት ሲመታ እንደሚሰማው። አልማዝ ተነስታ የውጪውን በር ከፈተች። ማንም የለም። ድምፁ የመጣው ከመኝታ ቤቱ ነበር።

"እሱ ነው" አለች እትዬ አስካለ፣ ከተቀመጠችበት ሳትንቀሳቀስ። "ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ነው።"

አቶ ደምሰው ጫማቸውን ፈለጉ። ሌላውም አማተበ፣ ነጠላውን ሰበሰበ፣ አንድ በአንድ "እግዜር ያጽናሽ" እያለ ወጣ። እኔም ልነሳ ስል እትዬ አስካለ ክንዴን ያዘችኝ። አልማዝን ለዳቦ ወደ ሱቅ ላከቻት፣ ሳራም አብራት ወጣች። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

"ብዙነሽ፣ ያልሽው እውነት ነው?"

"የቱ፣ እትዬ?"

"ያስረከበ አይጠየቅም ያልሽው።"

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ መኝታ ቤቱ ይዛኝ ገባች። ክፍሉ ውስጥ የመድኃኒትና የአሮጌ ሱፍ ሽታ ነበር። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መብራት አላበራችም። አልጋው አጠገብ ተንበረከከችና በሹክሹክታ አወራችኝ።

"ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ምን አለኝ መሰለሽ? 'አስካለ፣ ከሥሬ ያለው ሰውዬ በርዶታል፣ አልብሽው' አለኝ። ትኩሳቱ ነው ብዬ ተውኩት። ከሞተ በኋላ መንኳኳቱ ሲበዛብኝ ትናንት አጎንብሼ አየሁ።"

በጉልበቴ ወርጄ አየሁ። ከግድግዳው ጥግ፣ የማሞቂያው ቱቦ ከሚያልፍበት ላይ ተጣብቆ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የጋሽ ኃይሉ የአንገት ልብስ ተጠምጥሞበታል፤ አልብሳዋለች። ቆርቆሮውን ወደ እኔ ስስበው እጄን መለስኩት። ይሞቅ ነበር። እንደ እሳት አይደለም። የተኛ ሰው እንደሚሞቀው ነው የሚሞቀው።

ክዳኑን ከፈትኩ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ውስጥ ጥቁር ሽጉጥ ተጋድሟል። አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ወደ እኛ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ በቅርብ አይቼ አላውቅም። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ፣ እጄ ግን ለረጅም ጊዜ መሞቁን አልተወም።

"ከየት አመጣው?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ። ከተደበደበ በኋላ ይሆናል። ሽጉጡን ሰውዬ እያለ ከሱ ጋር ሲተኛ ኖሯል፣ እኔ ከላይ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ብዙነሽ፣ እኔ እስር ቤት መሞት አልፈልግም። ምን ላድርግ? አንቺ ታውቂያለሽ።"

እዚህ ላይ ነበር "አላውቅም" ማለት የነበረብኝ። አምስት ፊደል ነው። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

"ነገ በጠዋት ጣቢያ ይውሰዱት" አልኳት። "አለቀ፣ ሌላ ነገር የለውም።"

"አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈራሁ። የዜግነት ማመልከቻዬ ሆም ኦፊስ ገብቶ መልስ እየጠበቅኩ ነበር። ስሜ ከሽጉጥ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አልፈለግኩም። "ጠዋት ሥራ አለብኝ እትዬ" አልኳት። ሕጉ እንዳልኩት ቀላል ከሆነ ምን እንዳስፈራኝ ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም።

እሷ ግን ተረጋጋች። "እንደ ቀበሌው ጊዜ ነው ማለት ነው" አለች። "ትጥቅ አስረክቡ ሲባል አባቴ ጠመንጃውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሊቀመንበሩ ፊት በሁለት እጁ አቅርቦ ነው ያስረከበው። ማንም ክፉ አልተናገረው። እኔም በገበያ ጋሪዬ አድርጌ በክብር እወስደዋለሁ።"

"ጥሩ ነው" አልኳት። ጥሩ ነው ነበር ያልኩት።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ፍርድ ቤት ገብቼ ወለል እየወለወልኩ ሳለ ያቺን ወረቀት እስቲ አንድ ጊዜ ልያት አልኩ። ጥርጣሬ እንዳይመስላችሁ፣ ኩራት ነው፤ ትክክል መሆኔን በዓይኔ ልቀምሰው ነው። ኮሪደሩ ጋ ስደርስ ቦታው ባዶ ነው። አራት የሙጫ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ለካ ባለፈው ሳምንት ያነሳኋት እኔው ራሴ ነኝ፤ "ይሄ ይነሳ" ተብዬ። ጠንካራ ወረቀት ስለሆነ አልጣልኩትም፣ የሳሙናዬን መደርደሪያ አንጥፌበታለሁ።

ሳሙናዎቹን አንስቼ ወረቀቱን አወጣሁት። የሽጉጡ ሥዕል አለ። "ያስረክቡ፣ ጥያቄ የለም" አለ። ከሥሩ፣ የበረኪና ጠብታ ካደበዘዘው አጠገብ፣ በትንንሽ ፊደል ቀን ተጽፏል። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብቻ ይላል። የመጨረሻው ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

በር ላይ ኮፊ የሚባል ጋናዊ ጥበቃ አለ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ቆሞ ስንቱ ሲገባና ሲወጣ ያየ። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። የሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኩት፤ አንዲት አሮጊት የሞተ ባሏን ሽጉጥ ብታገኝና ወስዳ ብታስረክብ ምን ትሆናለች አልኩት። ኮፊ ሻዩን አስቀመጠ።

"ይዛ በመንገድ ትሄዳለች?"

"ለማስረከብ እኮ ነው።"

"ብዙ፣ ስሚኝ" አለኝ። ብዙ ነው የሚለኝ። "የዚህ ዓይነት ሽጉጥ መያዝ ትንሹ ቅጣት አምስት ዓመት ነው። ዳኛው አዝኖላት እንኳ፣ በጣም የተለየ ምክንያት ካላገኘ ከዚያ በታች መስጠት አይችልም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን ያዝሽ አይደለም። ይዘሻል ወይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ አይነካም፣ አይንቀሳቀስም። ይደወላል፣ እነሱ ይመጣሉ።"

ያቺ ልጅ ትናንት ያለችው ቃል በቃል። መርፌሽን ተማሪ ያልኳት።

"ሁሉም ሰው ስለዚህ ሕግ ያወራል" አለ ኮፊ። "የሚያውቀው ግን አላጋጠመኝም። ሴትየዋ አሁን የት ናት?"

ለእትዬ አስካለ ቤት ደወልኩ። አልማዝ ናት ያነሳችው።

"ጋሪዋን ይዛ ወጣች እኮ። ልሸኝሽ ብላት እምቢ አለችኝ። 'ብዙነሽ ያለችኝ ቦታ ነው የምሄድ' አለች። ቆየት ብላለች።"

ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ። አውቶቡሱ በጉሙ ውስጥ እየተጎተተ ይሄዳል። ከላይ ፎቁ ላይ ተቀምጬ በመስኮት ጥቁር የለበሰች ሴት እፈልጋለሁ፤ ጉሙ ውስጥ የማያት ሴት ሁሉ ጥቁር የለበሰች ትመስለኛለች። አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። የእኔ ሠፈር ማቆሚያ ከጣቢያው በፊት ነው። ደወሉን ብጫን፣ ብወርድ፣ ስልኬን ባጠፋ፣ ማን ያውቃል? እሷ "ብዙነሽ ናት ያለችኝ" ብትል "አሮጊት ናት፣ አልገባትም" እላለሁ። እጄ ደወሉ ላይ ነበር። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ቅዝቃዜው እስከ ላይ መጣ። በሩ ተዘጋ። ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ጣቢያው ፊት ለፊት ወረድኩ። ጣቢያው ተዘግቷል። ለጊዜው አይደለም፣ ጭራሹኑ። መስኮቶቹ በእንጨት ተመትተዋል፣ ሰማያዊው ፋኖስ ጠፍቶ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ደረጃው ላይ የረገፈ ቅጠል በስብሷል። ወራት ሆኖታል ለካ። ዳኛዋ ይህንንም አታውቅም ነበር።

እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ ቆማለች። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጋሪዋን አጠገቧ አቁማ። በሩን ታንኳኳለች። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ትጠብቃለች። እንደገና ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ያው ምት ነው፣ ትናንት ከአልጋው ሥር የሰማነው።

"እትዬ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ቆይ" አለችኝ ጣቷን አንስታ። "ውስጥ ሰው አለ። ስመታ መልሶ ይመታል።"

እንጨቱ ላይ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሰማሁትን ዛሬም አልምልበትም።

እጇን ይዤ ከደረጃው አወረድኳት። የኮፊን ወሬ ሁሉ ነገርኳት፤ አምስት ዓመቱን አልደበቅኩም። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ የጋሪውን እጀታ ያዘች።

"እንግዲያ ወደ ቤት እንመልሰው። ከነበረበት እናስቀምጠውና ከዚያ ደውይ። መንገድ ላይ መያዜን ማን አየ?"

ጉሙ አለ፣ መንገደኛ የለም፣ ቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የሚሠራ ሐሳብ ይመስላል። እኔም ፈለግኩት፣ ከልቤ ፈለግኩት። ግን ያ ደግሞ ሌላ ግምት ነበር፣ ሌላ አሥር ደቂቃ በእሷ እጅ።

"እትዬ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም" አልኳት። "ጠበቃም፣ ጸሐፊም አይደለሁም። ፍርድ ቤቱን የማጸዳ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

ክው አልኩ።

"እጅሽ በረኪና ይሸታል፣ ልጄ። ቤቴ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ሰሙኝ?"

"ማንን ልጠይቅ?" አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ የፖሊስ መጥሪያውን፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። ሽጉጥ የት ነው? ጋሪ ውስጥ። ማን ነካው? እሷ፣ ቆርቆሮውን ደግሞ እኔ። አሁን ከጋሪው ራቁ፣ እጃችሁ ይታይ፣ ስልኩን አትዝጊ አለችኝ። እትዬ አስካለን ወደ ግድግዳው ወሰድኳት። ጋሪው ደረጃው ግርጌ ብቻውን ቀረ። አበባ ያለበት ጨርቅ ነው፣ ሁሌ ሽንኩርት የምታመላልስበት።

ሳይረን ይዘው የሚመጡ መስሎኝ ነበር። ምንም ድምፅ አልነበረም። መንገዱ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። አንድ ቀይ አውቶቡስ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ሰዎቹ ከመስታወቱ ጀርባ ፊታቸውን አስጠግተው ያዩናል። ከዚያ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ወጡ፣ ጠመንጃቸውን ወደ እኛ አቅንተው። ፖሊሱ ዱላ ብቻ ነው የያዘው ያለችው አልማዝ ትዝ አለችኝ።

"እጅ ወደ ላይ፣ እጃችሁን አሳዩ" ይላሉ በእንግሊዝኛ። እኔ አነሳሁ። ዞር ብዬ ሳያት እትዬ አስካለ እጇ አይታይም። ሐዘንተኛ ሴት እጇን የት እንደምታደርግ ታውቃላችሁ፤ ነጠላው ሥር ነው፣ ደረቷ ላይ ታጥፎ። ሲጮሁባት ጊዜ ጭራሽ ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። እንግሊዝኛው አልገባትም። ከፊት ያለው ሰውዬ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፣ ዓይኑን ወደ ጠመንጃው አስጠጋ። የሚያየው ጥቁር ለብሳ እጇን የደበቀች ሴት ነው።

"እትዬ" አልኳት በአማርኛ። "እግዚኦታ ነው። እጅዎን ወደ ሰማይ።"

አየችኝ። ከዚያ ነጠላውን ለቀቀችው፣ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሁለት እጇን ቀስ አድርጋ አነሳች፣ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ምሕላ እንደምትቆመው። ከንፈሯ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ይላል። ሰውዬው ጠመንጃውን ትንሽ ዝቅ አደረገ። እኔ እዚያው አለቀስኩ።

በካቴና ወሰዱን። በተለያየ መኪና፣ ወደ ሩቅ ጣቢያ። እሷ ለስምንት ሰዓት ታስራ ዋለች። አስተርጓሚ መጣላት፣ ጠበቃም ቆመላት፣ ወጣት ሴት ናት፣ ጎበዝ። የእኔ ተራ ሲደርስ "ውሰጂው ያልኳት እኔ ነኝ፣ ሕጉን ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ" አልኩ። ፖሊሱ ቀና ብሎ "ለምን?" አለኝ። ሽጉጡ ሦስት ጥይት ነበረበት አሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ፍራሽ ላይ ተደርድሮ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሦስት ጥይት ቱቦ ላይ ሲሞቅ።

በዋስ ተለቀቅን፣ ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። ፖሊሶች ያንን እስከ አርባ የማይነካ አልጋ ፈትተው፣ ፍራሹን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ያቺን የሰረጎደች ትራስ እንኳ ሳይተዉ ወሰዱት። የአርባው ተዝካር በባዶ ክፍል ላይ ወጣ። ያን ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነስቼ ሥራዬ ምን እንደሆነ ተናገርኩ። አቶ ደምሰው ወለሉን አዩ። ሳራን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ "ኢትስ ኦኬ" ብላ አቀፈችኝ። የእትዬ አስካለን ዓይን ግን ለሰባት ወር ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። በየጠዋቱ ፍርድ ቤቱ ውስጥ የተከሳሹን ሳጥን ስወለውል፣ እሷ እዚያ ቆማ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትታየኝ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ሕግ እንዳትማሩ። ቀኑ ያለፈበት ወረቀት አንብቤ ሰው ልገድል የነበርኩ ሴት ነኝ። ሽጉጥ ይከልከል ይፈቀድ ሲባል ቡና ቤቱም፣ ለቅሶ ቤቱም፣ ታክሲውም ይናጣል፣ ሁሉም አፉን ሞልቶ ነው የሚናገረው። እስቲ ከጎንህ ያለውን፣ ዛሬ የሚሠራው ሕግ ምን ይላል፣ የት አነበብከው፣ መቼ በለው። እኔ የተጠየቅኩት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም በሳራ፤ ዓይኔን ወደ ቴሌቪዥኑ ወሰድኩት። ዛሬ ሰው ደብዳቤ ይዞልኝ ሲመጣ የማውቀው የነጻ ምክር የሚሰጥበት ቢሮ አለ፣ እሱን አድራሻ እሰጣለሁ፣ አብሬም እሄዳለሁ። ዳኛዋ የሚለኝ ቀርቷል። ደስ ይለኛል ብል ውሸት ነው፣ አንዳንዴ ይናፍቀኛል።

ደብዳቤው የመጣው በሐምሌ ነው። እትዬ አስካለ ጠራችኝና ፖስታውን ሳትከፍተው እጄ ላይ አኖረችው። ከፈትኩት። ሁለት መስመር አነበብኩና ቆምኩ።

"ምን ይላል?"

"የገባኝ ይመስለኛል እትዬ፣ ግን ጠበቃዋ ጋ እንደውል።"

ደወልን፣ ድምፁን ከፍ አድርገን ሰማናት። ክስ አይመሠረትም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል አለች፣ ለሁለታችንም። ደግማ እንድትልልን ለመንኳት፣ ደግማ አለችው። እትዬ አስካለ ተነስታ ሦስት ጊዜ ሰገደች። ከዚያ ባዶው መኝታ ቤት ገብተን ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ፀሐይ ሞልቶት። የመንኳኳቱን ነገር አነሳሁላት። የማሞቂያ ጠጋኙን ጠይቄው ነበር፤ ማሞቂያው የሚነሳው በእነሱ አራት ሰዓት ነው፣ ቱቦው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ቆርቆሮውን ይገፋዋል፣ ቆርቆሮው ግድግዳውን ይመታል። ሙቀቱም እሱው ነው። እትዬ አስካለ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፣ ልጅ ስታጫውት እንደምታደርገው። ማሞቂያው ከግንቦት ጀምሮ ጠፍቷል። ቆርቆሮው ፖሊስ ዘንድ ነው። አልጋውም የለ።

አራት ሰዓት ሆነ። ጠ፣ ጠ፣ ጠ።

ክንዴን ያዘችኝና ፊቴን አየችው። "ይሄስ ምንድነው፣ ብዙነሽ?"

"አላውቅም፣ እትዬ" አልኳት።